የጉበት ሐኪሙና የሳርዲን ቆርቆሮ

ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድ የጉበት ሐኪም ሸሚዝ ተኩሻለሁ። ከዚያ ውስጥ ሰባቱን ወር የጉበት ሐኪም ያለህ እያልኩ ጅቡቲን ዞሬአለሁ። አንባቢዎቼ፣ መሳቅ ከፈለጋችሁ ከአሁኑ ሳቁ፤ በኋላ ላይመቻችሁ ይችላል።

ያኔ ሄሮን በሚባለው ሰፈር፣ የውጭ አገር ሰዎች በብዛት በሚኖሩበት፣ ፈረንሳዊ ባልና ሚስት ቤት እዚያው እያደርኩ እሠራ ነበር። ሚስትየዋን ማዳም፣ ባልየውን ሙሴ እላቸዋለሁ፤ ጅቡቲ ውስጥ ፈረንጅ አሠሪ ሁሉ ሙሴ ነው። ሙሴ ሐኪም መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ነጭ ጋዋናቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። የምን ሐኪም እንደሆኑ ግን አላውቅም። ፈረንሳይኛዬ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነው፤ ሽንኩርት፣ መጥረጊያና «እሺ ማዳም» ነው፤ ቀስ ብለው ሲያወሩኝ እሰማለሁ፣ ማንበብ ግን አልችልም። የሥራ ክፍላቸው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የፋይል ክምር ነበር። የቀኙ አንዴ ይጨምራል አንዴ ይቀንሳል። የግራው ግን ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አይቼው አላውቅም። የሁለቱንም አቧራ ሳምንት ሳምንት እጠርጋለሁ።

ለምን አልጠየቅሽም ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ሥራ ያስገባችኝ ደላላ ሴትዮ በር ላይ አቁማ የነገረችኝ ነገር ነበር። ፈረንጅ ቤት የራስሽን ጣጣ ይዘሽ እንዳትገቢ፣ ይልቁንም የበሽታ ነገር እንዳታነሺ፣ ምግብ የምትሠራ ሴት ዘመዷ ታመመ ከተባለ እሷም እንደታመመች ነው የምትቆጠረው አለችኝ። እኛም ሰማናት። ጅቡቲ ያለን የሐበሻ የቤት ሠራተኞች ስለዚህ የታመመ ዘመድ የለንም። የሞተ ዘመድ ግን ሞልቶናል፤ ለቀብር ፈቃድ የሚከለክል አሠሪ የለማ። ሰው ሐኪም ቤት ማድረስ ሲኖርብን ለቅሶ ደረሰብን እንላለን። እኔ ራሴ በስድስት ዓመት ውስጥ አራት አጎት ቀብሬአለሁ። እናቴም አባቴም ወንድም የላቸውም።

የታመመችው ታላቅ እህቴ በላይነሽ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ድሬዳዋ ላይ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ አግብታ ጅቡቲ ገባች፤ ቆይታ እኔንም አስመጣችኝ። ባሏ ከሞተ በኋላ ቡላኦስ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ይዛ፣ ካርቲየ 3 በሚባል ሰፈር ከአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። የእረፍት ቀኔ አርብ ስለሆነ አርብ አርብ እሷ ዘንድ እውላለሁ።

መጀመሪያ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ተባለ፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጅቡቲ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው ጠፋ። የሱቅ ጎረቤቷ የግመል ወተት አዘዘላት። ባልባላ የምትኖር አንዲት ወዳጃችን ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ መራራ ቅጠል በጠርሙስ አመጣችላትና ጠጥታው ሦስት ቀን ተኛች። አንዱ ዶክተር እጇን እንኳን ሳይነካ ቪታሚን ጻፈላት። ሌላው ቅባት እንድትተውና እንድታርፍ መከራት። የምታርፈው ሱቁን ማን ሲይዝላት እንደሆነ አልነገራትም። ሆዷ መነፋት ሲጀምር ደግሞ ገበያተኛው ባል ሳትነግሪን አገባሽ ወይ ብሎ ቀለደባት። አብራ ሳቀች። ማታ ግን እግሯ ጫማ እምቢ ብሎ በባዶ እግሯ ቤት ገባች።

በዚያ ሰሞን ሰማያዊ ቀለበት የተሳለበት የሻይ ብርጭቆ ገዝቼ ወሰድኩላት። የራስሽ ብቻ ይሁን፣ ማንም እንዳይጠጣብሽ አልኳት። አገላብጣ አየችውና አመሰገነችኝ።

በሰባተኛው ወር ቡላኦስ ያለ አንድ ክሊኒክ ሆዷን በአልትራሳውንድ አዩት። አንዲት ሶማሌ ነርስ ወደ ጥግ ወሰደችኝና ጉበቷ ደርቋል፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ውኃ ነው፣ ሌላ ቦታ ጊዜ አታጥፉ አለችኝ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ትልቁ ሐኪም ቤት አንድ ፈረንሳዊ የጉበት ሐኪም እንደሚያይ ነግራኝ ስሙን ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ጫት ሳይገባ ድረሱ ብላ አስጠነቀቀችኝ፤ ቀትር ላይ ጫቱ ከኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ካርድ የሚያወጣላችሁ ሰው አታገኙም አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። የሙሴን ስም ደረቴ ላይ ይዤ ገብቼ የሙሴን እራት ሠራሁ።

ረቡዕ ማታ ማዳምን ፈቃድ ጠየቅኋት። አጎት ስላለቀብኝ አክስት ገደልኩ። ማዳም ደግ ሴት ናት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሐሙስ በማለዳ ሙሴ ቡናቸውን ጠጥተው ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው በርቺ አሉኝ። ሐሙስ ሐሙስ ለምን ከሌላው ቀን ቀድመው እንደሚወጡ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ፣ ገና ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ግድግዳውን አግሎት ነበር። እህቴ ሦስት ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ ቁጭ አለች። አግዳሚው ላይ ተደግፋኝ ስታበቃ፣ «አስኩ፣ ልጄ ትምህርቷን እስክትጨርስ ብቻ ነው የምፈልገው። ከዚያ በላይ አልለምንም» አለችኝ። ሹርባዋን አስተካከልኩላት። ተራችን የደረሰው ሰዎች ሰዓታቸውን እያዩ መቁነጥነጥ ሲጀምሩ ነበር፤ ጫቱ እየደረሰ ነው።

በሩ ተከፈተና ገባን። ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶን እጁን ይታጠባል። ከሰውየው በፊት ሸሚዙን አወቅሁት። ባለፈው ወር ካውያው ኮሌታው ላይ ቡናማ ምልክት ጥሎ፣ ማዳም ሳታይ ኮሌታውን ገልብጬ የሰፋሁት ሸሚዝ ነበር። ሮጬ እንዳልወጣ እህቴ በእጄ ላይ ናት። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ሐዘንተኛ መሰልኩ፤ በዚያ ቀን ሐዘንተኛ መሆኔንም ረስቼው ነበር።

ሙሴ ተቀመጡ፣ ፋይሉን ገለጡና ማን እንደሚያስተረጉም ጠየቁ። እህቴ ተናገሪ እንጂ ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ። ድምፄን አወፍሬ «እኔ ነኝ» አልኩ። ሙሴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አስካል» አሉ፣ «ዛሬ የምትቀበረው አክስትሽ እኚህ ናቸው?»

እህቴ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ሙቀቱ በዝቷል ይላል አልኳት።

እንዲህ ነው እንግዲህ የተገናኘነው። እሳቸው ስድስት ዓመት ከእጄ በልተው እህት እንዳለችኝ አያውቁም። እኔ ስድስት ዓመት ጋዋናቸውን አጥቤ በጋዋኑ ምን እንደሚሠሩበት አላውቅም። ማን ከማን እንደሚብስ እናንተ ፍረዱ።

መረመሯት። ሆዷን ሲነኩ እጃቸው ለስላሳ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ፣ በሚገባኝ ቃል ብዙ አወሩ። ምናልባት ሕፃን ሳለች ከእናታችን የያዛት የጉበት ቫይረስ እንደሆነ፣ ቫይረሱን የሚያስታግስ መድኃኒት ዛሬውኑ እንደሚያዝላት፣ ነገር ግን ጉበቷ ከመድኃኒት በላይ እንደሆነ፣ በሌላ ጉበት ካልተተካ ዓመት መድረሷ እንደሚያጠራጥር ተናገሩ። እኔም ለእህቴ «ትንሽ ደክሟል፣ መድኃኒት ይሰጡሻል» ብዬ ተረጎምኩ።

እህቴ ዓይኗን ከሙሴ ፊት ሳታነሳ፣ «እሱ ይህን ያህል አውርቶ አንቺ ይህችን ብቻ? የቀረውንም ንገሪኝ፤ የሱቅ ሴት ነኝ፣ ሲቀነስብኝ አውቃለሁ» አለችኝ።

የቀረውን ነገርኳት። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት። እሷ አላለቀሰችም፤ ጉበት የት ይገኛል ብላ ጠየቀች።

ጅቡቲ ውስጥ የጉበት ንቅለ ተከላ የለም አሉ ሙሴ። ሕንድ አገር የሚያውቁት ፕሮግራም አለ፤ ጤነኛ የሥጋ ዘመድ ከጉበቱ ከፍሎ ይሰጣል፣ የሰጪውም የተቀባይዋም መልሶ ያድጋል። ከዚህ ሲላክ ግን የሐኪም ደብዳቤና የተሟላ ፋይል ይፈልጋሉ፤ ያለዚያ መልስ አይሰጡም። እኔ እሰጣለሁ አልኩ። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ሙሴ ደም ተቀጂ፣ ያንቺ ጉበት ደግሞ ይታይ አሉኝ። ስንወጣ ጠርተው መለሱኝና ቫይረሱ በደም እንጂ በምግብ፣ በመጨባበጥ፣ በአንድ ሳህን በመብላት፣ በብርጭቆ እንደማይተላለፍ ለቤተሰቡ ሁሉ እንድነግር አዘዙኝ። ሰዎች ባለማወቅ በሽተኛን ያገላሉ ብለው አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። እህቴ ይህንን ስተረጉምላት ትክ ብላ አየችኝ።

ደብዳቤውን መቼ ይጽፋሉ ስላቸው በቅርቡ አሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሴና ማዳም ለበጋ ዕረፍት ወደ ፈረንሳይ ይሄዳሉ፤ ሻንጣዎቹን ከቁም ሣጥን ላይ አውርጄ የጠረግኋቸው እኔ ነኝ። የሚመለሱት ሙቀቱ ሲበርድ ነው። እህቴ እስከዚያ ትቆያለች ወይ የሚለውን መጠየቅ ፈራሁ።

እህቴን ቤቷ አድርሼ ወደ ሄሮን ስመለስ ሙሴ ቀድመውኝ ገብተዋል። ምሳ ላቅርብ ብል ማዳም ዛሬ እረፊ፣ ሐዘን ላይ ነሽ አለችኝ። ሐዘን አለመኖሩን በዚያች ሰዓት እንደምታውቅ ከዓይኗ አየሁ። ሙሴ ወጥ ቤት ገቡ። በስድስት ዓመት ውስጥ ወጥ ቤት ገብተው አያውቁም፤ ድስቱ የት እንዳለ ጠየቁኝ። ሁለት እንቁላል ራሳቸው ቀቀሉ፣ ራሳቸው ልጠው በሉ። በእጄ ከትፌ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጥኩት የቲማቲም ሰላጣ እንዳለ ቀረ። የሥራ ክፍሉን ለመጥረግ ስገባ የእህቴን ፋይል አየሁት። በግራው ክምር አናት ላይ ነበር።

አርብ ካርቲየ 3 ዋልኩ። እህቴ ጻፈ ወይ አለችኝ። እየጻፈ ነው አልኳት። ሻይዋን በሰማያዊ ቀለበቱ ብርጭቆ ጠጣች፤ እኔ በሌላው። ስለ እንቁላሉ ልነግራት ከአፌ ደርሶ ተመለሰ።

ቅዳሜ ስመለስ ወጥ ቤት ውስጥ አዲስ የላስቲክ ጓንትና አንድ ትልቅ ጠርሙስ በረኪና ተቀምጦ ጠበቀኝ። ማዳም ለእጅሽ ብዬ ነው፣ እጅሽ እንዳይጎዳ አለችኝ። ስድስት ዓመት ያልታየ እጅ! ሙሴ የሳርዲን ቆርቆሮ በመክፈቻ እየከፈቱ ነበር። ጣታቸውን ቆርጠው ደማቸው ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ደሙን ማን ይጥረገው? እኔው ጠረግሁት፣ ያለ ጓንት። በደም እንደሚተላለፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ግን ከሳርዲን በላተኛ ምን ይተላለፍብኛል ብዬ አልፈራሁም። ፋይሉ አሁንም ግራ ነው። በላዩ ሌላ ፋይል ተጨምሮበታል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብናገር ያባርሩኛል፣ ደብዳቤውም ይቀራል። ዝም ብል ሥራዬ ይተርፋል፣ እህቴ ትሞታለች። ደላላዋ በር ላይ አቁማ የነገረችኝ ሁሉ ትዝ አለኝ። ስድስት ዓመት ዝም ብዬ ያተረፍኩት ምን እንደሆነ ስቆጥር ከአራት አጎትና ከአንድ አክስት ሬሳ ሌላ አላገኘሁም።

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ሙሴ ወረቀት እያውለበለቡ ገቡ። የደም ምርመራዬ ነው። ቫይረሱ የለብኝም፤ መከላከያውም በደሜ ውስጥ አለ፤ የደም ዓይነቴ ከእህቴ ጋር አንድ ነው። ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ናፕኪናቸውን ዘረጉ።

«አስካል፣ ያ የቲማቲም ሰላጣሽ ናፍቆኛል» አሉ።

አመጣሁላቸው። ሹካቸውን እስኪያነሱ ጠበቅሁ።

«ሙሴ፣ ሐሙስ በምግብ አይተላለፍም ያሉትን ለእህቴ ተርጉሜላታለሁ። ተሳስቼ ይሆን?»

«በትክክል ነው የተረጎምሽው።»

«እንግዲያው እንቁላሉና ሳርዲኑ የምን ሕክምና ነበሩ?»

ማዳም ወደ መስኮቱ ዞረች። ሙሴ ቀሉ፤ ከቲማቲሙ ጋር ፊታቸውን ለመለየት እስኪያስቸግር። ሹካው በእጃቸው እንዳለ ቀረ። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ የቀረውን አወጣሁት።

«እህቴ የግራው ክምር ውስጥ ናት። ያንን ክምር ስድስት ዓመት ጠርጌዋለሁ። ከዚያ የወጣ ሰው አላየሁም።»

ይህን ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ልብሶቼን የት እንደማሽግ ማሰብ ጀመርኩ። ትልቁ ዘንቢል ይበቃል እያልኩ ሳለ ከሥራ ክፍሉ የኮምፒውተሩ ድምፅ ተሰማ። ሲጽፉ፣ ሲያቆሙ፣ በእንግሊዝኛ ስልክ ሲያወሩ እስከ ምሽት ቆዩ። ሰላጣው ጠረጴዛው ላይ ሞቀ። አመሻሽ ላይ ወጡና ሳይቀመጡ፣ ቆመው፣ ሰሐኑን በዳቦ ጠርገው ጨረሱት። ከዚያ ተልኳል አሉኝ። ተመልሰውም ሥራ ክፍላቸው ገቡ።

ሰኞ ልጠርግ ስገባ የግራው ክምር በግማሽ ጎድሏል። የእህቴን ብቻ አይደለም የጻፉት፤ ሌሊቱን በሙሉ የብዙ ሰው ደብዳቤ ሲጽፉ አድረዋል። ከእነዚያ ሰዎች ደብዳቤው ሲወጣላቸው በሕይወት የነበሩት ስንቱ እንደሆኑ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም።

ሕንዶቹ በሳምንቱ መለሱ። የእህቴ ሱቅ ተሸጠ፣ የሐበሻ ሠራተኞች ማኅበራችንም ገበያተኛውም አዋጣ፤ ያ ባል አገባሽ ወይ ብሎ የቀለደባት ሰውዬ ቀድሞ ነው የሰጠው። እህትማማች መሆናችንን ለማስመስከር ኤምባሲ ደጅ ላይ የቆምንባቸውን ቀናት ብተርክላችሁ ሌላ በሽታ ይይዛችኋል። ልጅቷን ወዳጃችን ባልባላ ወሰደቻት። እኛ ሄድን፣ ተቀደድን፣ ተሰፋን።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው እህቴን ያዳናት የሙሴ እውቀት ነው ለማለት ይቸግረኛል። እውቀቱማ ሐሙስም ነበራቸው፤ ከግራው ክምር ላይ ነበር ያስቀመጡት። ያዳናት ሐፍረታቸው ነው። ሰው ሆነው ማፈራቸውን አከብርላቸዋለሁ፤ የማያፍር ሐኪም ቢያጋጥመኝ ዛሬ ቀብሬ የምመለሰው እውነተኛ ሬሳ ነበር። እናንተም ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ የሌለ አጎት መግደሉን ተዉትና ያለውን በሽተኛ ተናገሩ። ቢያባርሯችሁ እንኳን ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። እናንተ ደግሞ ከሠራተኛችሁ እጅ የምትበሉ፣ አንድ ቀን እህት አለሽ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ምላስ አይቆረጥም።

ይህን ያህል በሙሴ ላይ ካፌዝኩ በኋላ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ።

ከቀዶ ሕክምናው በአምስተኛው ቀን ጎኔን ይዤ፣ ግድግዳ እየተደገፍኩ የእህቴ ክፍል ደረስኩ። ዓይኗ ነጭ ሆኗል። ያንን ዓይን ነጭ ካየሁት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበርና እዚያው በሩ ላይ ማልቀስ ጀመርኩ። ነይ ብላ በእጇ ጠራችኝና ከትራሷ አጠገብ ያለውን ቦርሳ እንድከፍት አዘዘችኝ። ውስጡ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት። ሰማያዊ ቀለበት ያለው ብርጭቆ ነው፤ ከጅቡቲ ድረስ ይዛው መጥታለች።

«ውኃ ቅጂበት» አለችኝ።

ቀዳሁላት። ግማሹን ጠጣችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንድ አርብ ለብቻው በበረኪና ስታጥቢው አይቼሻለሁ» አለች። «ምንም አላልኩሽም፤ ፈርተሽ ነው ብዬ ነው። አሁን ግን ጉበትሽ እኔ ውስጥ ነው አስኩ። በይ ጠጪ።»

ጠጣሁ።